የጋሼ በቀለ በር

ተሰማ በያጅ ነው፤ አቃቂ በሰቃ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ሥራውን ሲያደንቁለት ደስ አይለውም፤ ያደነቁት ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ እንከን ይፈልጋል። የበየደውን ይሞርዳል፣ የሞረደውን ቆርጦ ይጥላል፣ እንደገና ይበይዳል። ግድግዳውን ተደግፈው የሚከርሙ በሮች ነበሩት። ደንበኛው "ኧረ ተሴ፣ ይሄ ደግሞ ምን ጎደለው?" ሲለው፣ "ለአንተ አይታይህም" ብሎ ጀርባውን ይሰጣል።

ሙያውን የተማረው ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ ከፎርማኑ ከአቶ በቀለ ነው። "ሥራህ ስምህ ነው" ይሉት ነበር። እሱም ቃሉን ከልክ በላይ ያዘው። አንድ ቀን የበየደውን "ይህችን አስተካክላት" ብለው ሲመልሱበት፣ ምች መታኝ ብሎ ሦስት ቀን ብርድ ልብስ ውስጥ ዋለ። ሚስቱ መዓዛ ዳማከሴ ጨምቃ ብታሸው፣ ብታጥነው፣ ሕመሙ የት ላይ እንዳለ አላወቀችም።

በ1998 ዓ.ም. ቀጀላ የሚባል ወጣት ከመንገዱ ማዶ ብየዳ ቤት ከፈተ። የአካባቢው ገበሬ ልጅ ነው፤ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ። የመጀመሪያ በሩ ሲከፈት እንደ አህያ ያናፋ ነበር። ተሰማ ይህን ሰምቶ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ቀጀላ ግን ከበሩ ባለቤት ጋር እኩል ስቆ፣ በሩን ነቅሎ፣ አስተካክሎ መለሰው። ሁለተኛው በሩ አላናፋም። በዓመቱ ሰው ወደዚያ ማዶ መሰለፍ ጀመረ።

ቀጀላ ግዴለሽ ቢሆን ኖሮ ተሰማ በናቀውና ባረፈ። ነገር ግን ልጁ ጠንቃቃ ነው፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ ነው አንዴ የሚቆርጠው። ያም ሆኖ አመሻሽ ላይ እጁን ታጥቦ፣ እያፏጨ ቤቱ ይገባል። ተሰማን ያንገበገበው ይሄ ፉጨት ነበር።

"ቀጀላ ለጎረቤታችን ለአደሴ የሠራላትን መስኮት አየኸው? ሲያምር!" አለችው መዓዛ አንድ ቀን ምሳ ላይ።

ተሰማ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። "እንግዲያው እሱን ባገባሽ!"

ከዚያ የባሰው ደግሞ መጣ። ጡረታ የወጡት አቶ በቀለ ቤታቸውን ጨርሰው የግቢ በር አዘዙ፤ ያዘዙት ቀጀላን ነው። ተሰማ ወሬውን ሲሰማ ጆሮው ጭው አለበት። በሩ ተሰቅሎ ባለቀ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ውሃ ልኩን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ግቢያቸው ሄደ። ግራ ቀኙን አይቶ ውሃ ልኩን በሩ ላይ ለጠፈ። አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለው።

"ስንት አገኘህ?" አሉ አቶ በቀለ ከኋላው።

ተሰማ ደንግጦ ውሃ ልኩን ሊደብቅ ሞከረ። "ጋሼ... ሁለት ሚሊ አጋድሏል።"

"ያጋደለው ምሰሶው ነው። ልጁ ነግሮኛል። በሩን ቀጥ አድርጌ ብሰቅለው መሬት ይልሳል፣ ምሰሶውን ተከትዬ ልስቀለው ወይ አለኝ። ስቀለው አልኩት።" በጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።

"ለምን እኔን አላዘዙኝም?" አለ ተሰማ።

"ብየዳህ ከእሱ ይበልጣል፤ አልዋሽህም። እኔ ግን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ያንተን በር የምጠብቅበት ዕድሜ ከየት ላምጣ?" በሩን መልሰው ከፈት አደረጉና፣ "አንተ ስትሠራ ዛሬም ከኋላህ የቆምኩ ይመስልሃል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ እኮ አሥር ዓመቴ ነው፣ ልጄ" አሉት።

ተሰማ ሳይሰናበት ሄደ። በሳምንቱ ማክሰኞ ቀጀላ ራሱ መንገዱን አቋርጦ መጣ።

"ጋሽ ተሰማ፣ ላሜራ ስበይድ ይጣመምብኛል። የእርስዎ አይጣመምም። እንዴት ነው የሚያደርጉት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ ተሰማ፣ ቀና ብሎም ሳያየው።

ልጁ "እሺ" ብሎ ተመለሰ። ተሰማ መሞረጃ ግራይንደሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። አላውቅም ብሎ ለመጠየቅ ያንን መንገድ እሱ አንድም ቀን አልተሻገረም። መሻገርም አይችልም ነበር። እስከ ዛሬ የቀናው በልጁ በር ይመስለው ነበር፤ አሁን ግን እንዲያ ደፍሮ በመጠየቁ እንደቀናበት ገባው፤ አፈረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ማዶ ተሻገረ። "ላሜራውን አምጣው" አለ። "ከዳር ይዘህ እስከ ዳር በአንድ ጊዜ አትበይድ። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነካ ነካ እያደረግህ፣ እያቀዘቀዝህ።" ራሱ እየበየደ ሲያሳየው ግን በሦስተኛው ላይ ጥቂት ቆየበትና ላሜራው ተበሳ። ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል። የተሰማ እግር ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ።

"እኔንም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ" አለ ቀጀላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሌላ ቁራጭ እያቀበለ።

ተሰማ ቁራጩን ተቀበለው። ከዚያ የብየዳ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደና ጎንበስ አለ።

ቅናቱ ለቀቀው ማለት ግን አይደለም። ማዶ ደንበኛ ሲበዛ ዛሬም አንገቱ ይዞራል፤ የቀጀላን ሥራ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ጉድለቱን ነው። ብቻ አንዳንድ ቀን መዓዛ ምሳ ይዛ ስትመጣ ከብየዳ ቤቱ ታጣዋለች፤ ማዶ ሄዳ ነው፣ ከልጁ ጋር ስለ አንድ ማጠፊያ ሲከራከር የምታገኘው።