በልድያ ወንዝ ዳር ተራ ስንጠብቅ

«አንቺን እኮ እግዚአብሔርም አንድ ቦታ ማስቀመጥ አቅቶታል» አለችኝ እናቴ፣ በፊልጵስዩስ ከተማ ፍርስራሽ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እውነቷን ነው። ከሚኒያፖሊስ ከተነሣን ጀምሮ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጳውሎስ የረገጠውን ምድር ሊያዩ ግሪክ ሲመጡ፣ እኔን ያስከተለችኝ እንግሊዝኛ እንዳወራላት መስሎኝ ነበር። ጠዋት ሆቴል ውስጥ ሻንጣዋን ስከፍት ግን ነጭ የመጠመቂያ ቀሚስ አገኘሁ። በእኔ ልክ።

«ለፓስተሩ ነግሬያቸዋለሁ። ልድያ በተጠመቀችበት ወንዝ ዛሬ ትጠመቂያለሽ። እስከዚያ ምንም እንዳትቀምሺ» አለችኝ።

የጥምቀት ትምህርቱን አልጨረስኩም፤ ማመኔን ራሱ ገና አላወቅሁም። ይህን ስነግራት ፀጉሯን ማበጠሯን ቀጠለች።

ፍርስራሹ ሰፊ ነው። የወደቀ ዓምድ፣ የጋሪ ጎማ የበላው የድንጋይ መንገድ፣ ፀሐይ። ወገኖቼ ጳውሎስ የታሰረበት ነው የተባለ ጉድጓድ ፊት ቆመው እያለቀሱ ይጸልያሉ። አጠገቡ ያለውን ሰሌዳ አነበብኩና፣

«የውሃ ማጠራቀሚያ ሳይሆን አይቀርም ይላል» አልኩ።

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አሜን በይና ዝም በይ!»

ወንዙ ጋ ስንደርስ የአገሩ ሰዎች ቀድመውናል፤ ሕፃን ክርስትና እያስነሡ ነው። ፓስተሩ «እስኪጨርሱ እንታገሥ» አሉ። ቀሚሱን ከልብሴ ላይ ደርቤ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ቄሱ በነከሩት ቁጥር ሕፃኑ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። ዛፍ ሥር አንዲት የእኔ እኩያ ሲጋራ ታጨሳለች።

«የሕፃኑ አክስት ነኝ» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ድምፁ ጥሩ ነው።»

«በእኔ ወጥቶ ነው። እኔ ስጠመቅ ቄሱን ነክሻለሁ አሉ።»

ሳቅን። በነጭ ጨርቅ የታሰረ፣ ስኳር የለበሰ ለውዝ ሰጠችኝ፤ ለክርስትና እንግዳ የሚታደል ነው። ጾም ላይ ነኝ፣ ልጠመቅ ነው አልኳት። ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እሱስ አፍ አልፈታም። አንቺን ጠይቀውሻል?»

«እናቴ መልሳልኛለች።»

በሳቅ ፈነዳች። እኔ አልሳቅሁም። ለውዙን ፈትቼ አንዱን አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ተራችን ደረሰ። ፓስተሩ ወንዙ ውስጥ ገቡ። እናቴ ቪዲዮ ልትቀርጽ ስልኳን ደገነች። ሴቶቹ ጫማዬን ገና ሳወልቅ እልልታውን ጀመሩት።

«እኅቴ፣ ኢየሱስ ክርስቶስን የግል አዳኝሽ አድርገሽ ተቀብለሻል?»

«ፓስተር፣ ገና ነኝ» አልኳቸው። «የተቀበልኩ ቀን ራሴ እነግርዎታለሁ።»

እልልታው ተቋረጠ።

«ውሃው በርዷት ነው!» አለች እናቴ ቀረጻውን ሳታቆም።

«ውሃውን መች ነካሁት፣ እማዬ?»

«ሚኒሶታ ገብቼ ለሰዉ ምን ልበል? ለሁሉም ተናግሬያለሁ እኮ!»

«አላመነችም በያቸው።»

«ተያት፣ እኅታችን» አሏት ፓስተሩ። «በግድ አላጠምቅም።»

ስልኩን አወረደች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ «ለእኔ ስትይ ግቢ» አለችኝ።

ቀሚሱን አውልቄ፣ አጣጥፌ፣ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ጫማዬን አንሥቼ በባዶ እግሬ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።