ጠበል ሄጄ ድንች ይዤ የመጣሁ ጊዜ

የወንድሜ ልጅ ይሁኔ ባለፈው እሑድ ሊጠይቀኝ መጣ። ከቻይና ከተመለሰ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ልኮት ነበር። ደብረ ማርቆስ ካለችው ቤቴ ገብቶ በወጉ ሳይቀመጥ ስልኩን አወጣና ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። ፎቅ፣ ድልድይ፣ ባቡር፣ እንደገና ፎቅ። ደስ ብሎኝ አየሁለት፤ ልጄ ነዋ! ነገር የመጣው ምሳ ቀርቦ ሁለት ሦስቴ ከጎረሰ በኋላ ነው።

«አክስቴ፣ ሰው ካልተጓዘ አመለካከቱ አይሰፋም» አለኝ። «እኔ ራሴን አላውቀውም፤ ተቀይሬ ነው የመጣሁት። እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ማርቆስ፣ ማርቆስ፣ ማርቆስ!»

ወይ ይሁኔ! ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። «እጅህን ታጠብና ቁጭ በል» አልኩት። «እኔ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ያመጣሁትን አንተ በአውሮፕላን ብትመላለስም አታመጣውም።» ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህም የምጽፈው።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የወላጆቼ ቤት ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ወደ ጮቄ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ብርዱ አይጣል ነው፤ በሰኔ ጠዋት ጣት አይታጠፍም። መሬቱ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ እምብዛም አያውቅም። በአካባቢያችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ዐሥረኛ ክፍል እማር ነበር። ኪራዬም፣ ስንቄም፣ ደብተሬም የሚወጣው ከአባቴ ድንች ነው።

ድንቹ ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ጉድ ሠርቶናል። በእኛ አገር የድንች ዘር የሚቀመጠው በጨለማ ነበር። ኅዳር ላይ የተመረጠው ዘር ጓዳ ጥግ ይከመራል፣ ጭድ ይለብሳል፣ እስከ ግንቦት ማንም አይገልጠውም። ለምን ቢባል ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ ድንች ደግሞ መራራ ነው፣ ሆድ ያማል፣ ይጣላል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እናም ግንቦት ላይ ጭዱ ሲነሳ ግማሹ በስብሶ ይገማል። የተረፈው እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ቡቃያ አውጥቶ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይገኛል። ገና ሲነካ ቡቃያው ቅንጥስ ይላል። ማሳ ከገባም አንዱ ይበቅላል፣ ሁለቱ ይቀራል።

አባቴ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰው አልነበሩም። በዚያ ዓመት፣ የገና በዓል ባለፈ ሰሞን፣ የማረሻቸውን እርፍ እየጠረቡ «ማንጠግቦሽ» አሉኝ፤ «ዘሩ ዘንድሮም ከበሰበሰ በመስከረም ወደ ማርቆስ አትመለሽም። ዐቅሜ ይኸው ነው።» ቀና ብለው አላዩኝም። ከቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። ከትምህርት ከቀረሁ ቀጥሎ ደጃችንን የሚረግጠው ሽማግሌ መሆኑን አውቀዋለሁ። ሁለቱ የዕድሜ እኩዮቼ እንደዚያው ነበር የሄዱት።

በጥር የግማሽ ዓመት ፈተናችንን ጨረስን። አክስቴ ጉልበቷን ይዟት ኖሮ ለአስተርዮ ማርያም ኮሶበር አካባቢ ወዳለ ጠበል ለመሄድ ተሳለች። ብቻዋን መሄድ ስለማትችል ደጋፊዋ እኔ ሆንኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከማርቆስ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄድኩም ነበርና ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ከመነሳታችን በፊት አያ ደመላሽ ምክር ሰጡኝ። አያ ደመላሽ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አሰብ፣ ሞያሌ፣ አስመራ፣ ያልረገጡት አገር የለም። ታዲያ ከተማውን ሁሉ የሚያስታውሱት በምግቡ ነው። ሞያሌ ሲሏቸው የፍየል ጥብስ፣ አሰብ ሲሏቸው ዓሣ። «ኮሶበር ስትደርሺ ማሩን ቅመሺ፤ እኔ በመኪናዬ መስኮት ነው የምገዛው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም» አሉኝ።

አውቶቡሱ ከማርቆስ በጠዋት ተነሳ። አማኑኤል ከተማ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን ትኩስ ዳቦ በመስኮት ገዛን። ከዚያ ወዲያ አቧራው ነው የማስታውሰው፤ ቅንድባችን ሳይቀር ነጣ። በየመንገዱ ዳር ጤፍ ይወቃል፣ ገለባው በነፋስ ይበናል፣ አክስቴ በየቤተ ክርስቲያኑ አንጻር ታማትባለች። ኮሶበር ስንቃረብ ቀርከሃው ጀመረ። አጥሩ ቀርከሃ፣ መሰላሉ ቀርከሃ፣ የዶሮ ቤቱ ቀርከሃ። አንገቴ እስኪያመኝ በመስኮት ተንጠለጠልኩ።

ጠበሉ አጠገብ ያረፍነው እትዬ ጥሩሰው ከሚባሉ ባለ እርሻ ሴት ቤት ነው። ድንች ቅቅል በአዋዜ አቀረቡልን። በማግሥቱ አክስቴን ጠበል አድርሼ ስመለስ በቤቱ ጀርባ ስዞር ጉድ አየሁ። በክዳኑ ጥላ ሥር ባለ ሦስት ደርብ የቀርከሃ ቆጥ ቆሟል፤ በላዩ ላይ ድንች አንድ በአንድ ተደርድሯል፤ ድንቹ ሁሉ እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው! አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ድንች ምነው አበላሹት?»

እትዬ ጥሩሰው በሳቅ ሞቱ። «የሚበላ መሰለሽ? ዘር እኮ ነው! የሚበላውን ጓዳ ሸፍኜዋለሁ።» አንዱን አንስተው አቀበሉኝ። ቡቃያው እንደ እኛው ክር አይደለም፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ወይን ጠጅ የመሰለ ነው። «በይ፣ ተጫኚው» አሉኝ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ወይ ፍንክች! እኔ ያን ቀን የተሰማኝን ምን ብዬ ልንገራችሁ! መስከረም ታየኝ፣ ማርቆስ ታየኝ።

«ማን አሳየዎት?» አልኳቸው።

«የግብርና ሰዎች። ባለቤቴ ግን ዘሬን ገደልሽው ብሎ አንድ ክረምት አኩርፎኝ ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ ያሳየኋት እያለ ያወራል።»

ሌላው ተሳላሚ ጠበል በጀሪካንና እምነት በወረቀት ቋጥሮ ሲመለስ፣ እኔ ሰባት አረንጓዴ ድንች በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መጣሁ። አያ ደመላሽ ሲያዩኝ ጊዜ ሰፈሩን በሳቅ አነቃነቁት። «ኧረ ኑ እዩ! ጠበል ሄዳ ድንች ይዛ መጣች! ያውም ወደ ድንች አገር! ያውም የተበላሸ!» ለአንድ ሳምንት መሳቂያ ሆንኩ። ውኃ ስቀዳ ሳይቀር «ድንቹስ ተጠመቀ?» ይሉኛል።

አባቴ አልሳቁም። ድንቹን ተቀብለው አገላበጡት፣ ቡቃያውን በጥፍራቸው ሞከሩት፣ አሸተቱት።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዳትሰማት» አሉ አያ ደመላሽ። «ከአሰብ እስከ ሞያሌ ዞሬያለሁ፤ የድንች ዘር ብርሃን የሚያሳይ ሰው አላየሁም።»

አባቴ ድንቹን መልሰው አስያዙኝና «ግማሹን ውሰጂ» አሉኝ። ዘሩን ነው። ሰማችሁ? ሁለት ዓመት የከሰረ ገበሬ፣ ከቀረችው ዘር ግማሿን፣ ያውም በወንድሙ ፊት፣ ለዐሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጁ። እኔ ያኔ ደስታ እንጂ ሌላ አልታየኝም።

ቀርከሃ ከጮቄ ግርጌ አስመጥተን ቆጡን በሁለት ቀን ሠራነው። ድንቹን ደርድሬ ወደ ማርቆስ ሄድኩ። በሳምንቱ ቅዳሜ ስመለስ ዘሬ እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማዶ ጠበቀኝ። ለካ ቆጡን ያቆምኩት በደቡብ በኩል ነው፤ የበጋው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሲጠብሰው ሰንብቷል! አያ ደመላሽ ከአጥር ወዲያ «ቆሎ ሆነልሽ?» አሉኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ጥሩሰው ቤት ቆጡ የት ነበር? በክዳኑ ጥላ ሥር። አይቼው ነበር እኮ! አረንጓዴው አስደንግጦኝ ጥላውን ልብ አላልኩትም። ብርሃን እንጂ ፀሐይ አልነበረም።

አባቴ ዘሩን መልሺ የሚሉ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ከበስተኋላዬ መጥተው «እስቲ ያየሽውን እንደገና ንገሪኝ» አሉኝ። እንደገና ነገርኳቸው። ቆጡን ተሸክመን በስተሰሜን በኩል፣ ክዳኑ ወጣ ያለበት ሥር አቆምነው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ድንቹ ተገላብጦ፣ የተበላሸው ተለቅሞ አገኘዋለሁ። ማን እንዳደረገው አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ግንቦት መጣ። ጓዳ የከረመው ዘር ሲገለጥ እንደወትሮው ነው፤ ሽታው ቤቱን አስለቀቀን። የእኔው ቡቃያ በቅርጫት ተንገጫግጮ ማሳ ሲደርስ አንድም አልተሰበረም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሳ፣ ግማሹን በጓዳው ዘር፣ ግማሹን በእኔው ዘር ተከልነው። ዝናቡ ጣለ። ከዚያ ያለውን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት እግዜር ይወቀው፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መምህሩ የሚሉት አይሰማኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ የእኔ ትልሞች ከዳር እስከ ዳር ለምለም ሆነዋል። አንድም ክፍተት የለ! በወዲያኛው በኩል እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ እንደ አረጀ ሰው ጥርስ። እሰይ! እልልታዬን አቀለጥኩት፤ እናቴ እሳት የተነሳ መስሏት እየሮጠች ወጣች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ማሳው መንገድ ዳር ስለሆነ ሮብ ሮብ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ሳያየው አያልፍም። መጀመሪያ ቆም እያሉ ያዩ ነበር፤ በኋላ አጥሩን አልፈው እየገቡ ቆጡን ይጠይቁ ጀመር። መስከረም ሲጠባ በሰፈራችን ቀርከሃ ተወደደ ብላችሁ ታምናላችሁ? በመጨረሻ አያ ደመላሽም ጉሮሯቸውን እየጠረጉ መጡ። ለእርሳቸውም ቆጥ እንድሠራላቸው ነው። ባዶ እጃቸውን ግን አልመጡም፤ ወሬ ይዘዋል።

«ይህ ነገር ኮሶበር መኖሩን ያን ጊዜም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ኮሶበር እኮ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ መሰለሽ!»

«አልፈውበታል አያ፤ አልወረዱም እንጂ» አልኳቸው። አባቴ በሕይወቴ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ማርቆስ ተመለስኩ። ኪራዬንም ስንቄንም ድንቹ ቻለ። በሚቀጥለውም ዓመት ቻለ፤ ዐሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ መምህርት ሆንኩ። ደጃችንን የረገጠ ሽማግሌ አልነበረም አልልም፤ አባቴ ግን «ትምህርቷን ስትጨርስ ራሷን ጠይቋት» ብለው መለሷቸው።

ይሁኔ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ፈገግ አለ። «እንግዲያው አክስቴ፣ እኔ ነኛ የረታሁ! ያ ጉዞ ባይኖር ይህ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር?»

እውነቱን ነው፤ አልካድኩትም። ዓይኔ የተገለጠው እዚያ ነው። ነገር ግን ሳስበው ብዙ ጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኔ ያመንኩት በዓይኔ አይቼ፣ በጣቴ ተጭኜ ነው፤ ይህን ያየ ማንም ያምናል። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ከማርቆስ ወዲያ አልሄዱም። ኮሶበርን አላዩም፣ እትዬ ጥሩሰውን አያውቋቸውም። አባታቸውም አያታቸውም በጨለማ ያስቀመጡትን ዘር፣ ልጄ አየሁ አለች ብለው ወደ ብርሃን አወጡት። ዘሩ ተጨማዶ ሲያዩት እንኳ እንደገና ንገሪኝ አሉ እንጂ መልሺ አላሉም።

ለይሁኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ መንገዱን የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ሩቅ የደረሱት ግን አባቴ ናቸው።