ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው የተባለበት ጠዋት

ላንድሮቨሯ በቆመች በሁለተኛው ሳምንት ድስት ሠሪው መመላለስ ጀመረ። አሮጌ አሉሚኒየም ሰብስቦ፣ አቅልጦ፣ ድስት የሚያወጣ ጎረቤታችን ነው። የላንድሮቨር ገላ አሉሚኒየም መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። የግቢውን በር ሳይሆን የመኪናዋን በር ነበር የሚያንኳኳው። በጣቱ አንጓ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ከዚያ ወደ ኮፈኑ ያልፋል።

"እንዴት ዋለች፣ ጋሼ?" ይላል አባቴን፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ።

"ደህና ናት።"

"እኔ እንኳ ምንም አላልኩም። ብቻ የምትሸጧት ከሆነ ከሌላ ሰው በፊት ለእኔ ንገሩኝ።"

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ቤት ይገባል። እኔ ግን ከአንዱ በር ስንት ድስት እንደሚወጣ ሳላስበው በልቤ ማስላት ጀምሬ ነበር፤ ይህን ሳውቅ ራሴን ጠላሁት።

አባቴ ያችን መኪና ሲነዳ የኖረው የመንግሥት እርሻ ሾፌር ሆኖ ነው። ደርግ ወድቆ እርሻው ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ያለችውን ጥሪት አሟጦ ገዛት። ማክሰኞና ቅዳሜ ከአቃቂ በሰቃ እየተነሳ፣ ያኔ ገና ሕንፃ ያልበቀለባትን ኮዬ ፈጬን አልፎ፣ የገጠር ገበያተኛ ያመላልሳል። በበጋ ሚኒባሶችም ይሻሙታል። ሰኔ ሲገባ ግን ጥቁሩ አፈር ውሃ ይጠጣና ሊጥ ይሆናል፤ ያኔ ከእሷ በቀር ደፍሮ የሚገባበት የለም። ዓመቱን ሙሉ የምንኖረው በክረምቱ ሥራ ነበር። ሞተሩ የሞተው ደግሞ በግንቦት አጋማሽ ነው።

መካኒኩ በሰቃ ውስጥ ጋራዥ ያለው፣ አባቴን ከእርሻው ዘመን ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ከሞተሩ ዘይት ቀዳና በጣቶቹ መሃል አሸው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል።

"ውሃ ገብቶበታል" አለ። "የሞተሩ ብሎክ ተሰንጥቋል ጋሼ። ይሄ በብየዳ የሚድን አይደለም። ሌላ ሞተር ፈልጉ።"

እናቴ ያላትን ወርቅ አወጣች፤ አባቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን አወጣ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሞተር ይገዛሉ። አንድ ብቻ። ከተሳሳትን ሁለተኛ ምርጫ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው ድስት ሠሪው ነው።

መጀመሪያ የሞተው ሞተር የትኛው ዓይነት እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ ነበረብን። በውጭ አንድ የሚመስሉ ግን ከካምቢዮው ጋር የማይገጥሙ አሉ። መካኒኩ "ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር አምጡልኝ" አለ። የአባቴ ዓይን ለቅርብ ነገር ደክሟል፤ ስለዚህ ኮፈኑ ሥር የገባሁት እኔ ነኝ። የዓመታት ቅባትና አቧራ ቁጥሩን ቀብሮታል። በናፍጣ በራሰ ጨርቅ እየጠረግሁ፣ በሽቦ ብሩሽ እየፋቅሁ አወጣሁት። እንዳልሳሳት ግጥም ከምጽፍበት ደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ በላዩ ለጠፍኩና በእርሳስ ጎን አሸሁት። ቁጥሩ ከእርሳሱ ጥላሸት ውስጥ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ።

አባቴ ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ እያየ "ስንት ዓመት ስትጽፍ ኖረህ" አለ፣ "የሚጠቅም ነገር ዛሬ ገና ጻፍክ።"

ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲስቅ አልሰማሁትም።

ያን ወረቀት በኪሴ ይዤ ከአባቴና ከመካኒኩ ጋር አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን ሁለት ጊዜ ዞርን። አንዱ የጭነት መኪና ሞተር ያሳየናል፤ ለላንድሮቨር የፊት አክስል የማይቻል ሸክም ነው። ሌላው በቤንዚን የሚሠራ አውጥቶ "ናፍጣ ምን ያደርግላችኋል?" ብሎ ይከራከራል። ግንቦት አለቀ። ደመናው ከሰዓት በኋላ በየረር ተራራ በኩል መደርደር ጀመረ።

በመጨረሻ ያገኘነው ቃሊቲ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አሮጌ ሞተር የሚሸጥ ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ጋ ነው። ሁሉም ሐጂ ይለዋል። ሁለት ሞተር አሳየን። አንደኛው የእኛው ዓይነት ነበር፤ ወረቀቴን አውጥቼ ሳስተያየው የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች አንድ ናቸው። ሁለተኛው ከጃፓን ፒክአፕ የወጣ ነው።

"ጋሼ፣ የፒክአፑን ውሰዱ" አለ መካኒኩ። "ዕቃው በየሱቁ አለ። የእናንተ ዓይነት ዕቃ ቢጎድል ከየት ታመጣላችሁ?"

"ለመግጠም ሻንሲዋን ትቆርጣታለህ አይደል?"

"ትንሽ ነው የምቆርጣት።"

"ትንሽ የሚባል መቁረጥ የለም" አለ አባቴ። እጁን ወደ አንደኛው ዘረጋ። "ይሄ ወንድሙ ነው። ካምቢዮው ያውቀዋል።"

ሐጂ መሃላቸው ገብቶ "ወላሂ ለእኔ ሁለቱም ልጆቼ ናቸው፤ የፈለጋችሁትን ዳሩልኝ" አለ። ሁላችንም ፈገግ አልን።

አባቴ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ሞተሩን የሚገዛው በነጋታው ጠዋት፣ ማንም ሳያስነሳው፣ በቀዝቃዛው አስነስቶ ካየው ብቻ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያስተምረኝ ሰምቻለሁ። ያረጀ የናፍጣ ሞተር ከሞቀ ወጣት ይመስላል፤ ቁልፍ ሲነካ ይነሳል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ድካሙ የሚታወቀው አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ከማስነሳት በፊት እጅ ብሎኩ ላይ ይቀመጣል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጠባጠባል፣ ፀሐይ ገና ግቢው ውስጥ አልገባችም። ሁለቱ ሞተሮች ጎን ለጎን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። እግረ መንገዴን የፒክአፑን ነካሁት፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። አባቴ በቀጥታ ወደ መረጠው ሞተር ሄደ። መዳፉን ብሎኩ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

"ቀዝቃዛ ነው" አለ።

እኔም ከአጠገቡ እጄን አሳረፍኩ። ለብ ያለ ነበር። ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር እንደሚሞቅ፣ እንደዚያ።

የአባቴን እጅ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትኩስ ራዲያተር ሲከፍት፣ የጋለ ብረት ሲጨብጥ መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ደድሯል። ቤት ውስጥ ድስቱን ያለ ጨርቅ ከእሳት የሚያወርደው እሱ ነው፤ እናቴም ታደንቅለታለች። ያ እጅ ለብ ያለንና የቀዘቀዘን እንደማይለይ ገባኝ። ቀና ብዬ አየሁ። መካኒኩም ብሎኩን ነክቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሬት ያያል። ሐጂ "ጋሼ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። "ሞቃት ነው" ማለት ብቻ። ግን አባቴ በሰው ፊት ቀዝቃዛ ነው ብሏል። በጋራዡ ሁሉ እጁን አስቀምጦ በሽታ ያውቃል ይባልለታል። በዚያ ላይ ያን ሞተር ምን ያህል እንደፈለገው ፊቱ ላይ ይነበባል። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ ለራሴ። አለመሳሳቴን እያወቅሁ ነው ያልኩት።

መካኒኩ ባትሪውን አገናኝቶ አስነሳው። በግማሽ ዙር ተነሳ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "ሰማኸው?" አለኝ።

"ሰማሁት" አልኩ።

ገዛነው። በሳምንት ውስጥ ተገጠመ። በመጀመሪያዋ የክረምት ቅዳሜ መኪናዋ በሰቃ ላይ ሰውና ጆንያ ጭና ዝናቡ ውስጥ ቆመች። አባቴ ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ አለቀሰ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ደግሞ አዞረ። ባትሪው እስኪደክም አዞረ። ተሳፋሪው ወርዶ መግፋት ጀመረ።

ዶሮ የታቀፉ አንዲት ሴትዮ ከጎኔ እየገፉ "ሞተር ቀየርን ብላችሁ አልነበር?" አሉኝ።

"ቀይረናል እማማ።"

"አዎ፣ በእኛ ነው የቀየራችሁት! ታዲያ እኛ ነን ሂሳብ የምንከፍል ወይስ ለእኛ ነው የሚከፈለን?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ በመስኮቱ ሰምቷል፤ አንገቱን እንኳ አላዞረም።

መጀመሪያ በባትሪው አሳበበ፣ ቀጥሎ በናፍጣው፣ ቀጥሎ በመካኒኩ ገጠማ። ከዚያ በየጠዋቱ ውሃ አፍልቶ ሞተሩ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ገበያው ቦታ ሲደርስም አያጠፋውም፤ ሰው እህሉን ሸጦ እስኪመለስ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ይጮሃል፣ ያገኘነውን ገንዘብ ናፍጣው ይጠጣዋል። አንድ ማክሰኞ ግን መንገድ ላይ ጭቃ መሃል ጠፋ። ሰዎቻችን በእግራቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር መጥቶ ከቆምንበት ፊት ቆመ፤ ገበያተኛው ወደ እሱ ጎረፈ። ዶሮ የታቀፉት ሴትዮም ከተሳቢው ላይ ሆነው አዩኝ። ምንም አላሉኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ለማንም ሳልናገር ቃሊቲ ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት።

"ሐጂ፣ ያን ቀን ሞተሩን አሙቀው ነው የጠበቁን" አልኩ።

አልተቆጣም። "ከእናንተ በፊት በማለዳ ሌላ ገዢ መጥቶ አስነስቶት ሄደ" አለ። "ልነግራችሁ ስል አባትህ ነክተው ቀዝቃዛ ነው አሉ። እኔ ምን ልበል? ሽማግሌ በልጁ ፊት ላርም? አንተ ነክተኸው አልነበር?"

"ነክቼዋለሁ።"

"ታዲያ።"

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐጂ ቀጠለ። "ልንገርህ፣ የፒክአፑ እስካሁን አለ። እኩል ለእኩል እለውጣችኋለሁ። የእናንተን ሞተር ወፍጮ ያለው ሰው ይፈልገዋል፤ ወፍጮ ጠዋት አንዴ በመከራ ከተነሳ እስከ ማታ አይጠፋም። ግን እሳቸው ራሳቸው ይምጡ። ከአባት ጀርባ አልነግድም።"

ስመለስ በጋራዡ አለፍኩ። መካኒኩ ከመኪና ሥር ሆኖ ሰማኝና እጁን እየጠረገ ወጣ።

"እኔም ነክቼው ነበር" አለ። "አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁህ።"

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ይዞ የፈላውን ውሃ ሲያፈስ አጠገቡ ቆምኩ።

"አባዬ፣ ያን ቀን ሞቃት ነበር።"

"ምኑ?"

"ሞተሩ። ለብ ብሎ ነበር።"

"ነክቼዋለሁ እኮ" አለ።

ማንቆርቆሪያውን የመኪናዋ መከላከያ ላይ አስቀመጠ። እንፋሎቱ ከአፉ እየወጣ ነው። አባቴ ቀስ ብሎ መዳፉን የማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ለጠፈና ተወው። እኔን እያየ ተወው። ሮጬ እጁን አነሳሁት። የእኔ ጣት ተቃጥሎ "ውይ!" አልኩ፤ የእሱ ምንም አላለም።

"ሐጂ ያውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"መካኒኩስ?"

"አዎ።"

"ሦስታችሁም" አለ። ያን ቀን ገበያ አልሄድንም።

ሐሙስ ዕለት ራሱ ለመካኒኩ "አውጣው" አለው። ሞተሩ ወጥቶ በጋሪ ቃሊቲ ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። ሐጂ ተሽቀዳድሞ ወጥቶ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠው፤ ወንበር አስመጣለት። አባቴ አልተቀመጠም። የፒክአፑ ሞተር ከነበረበት አልተነቃነቀም።

"ይንኩት ጋሼ" አለ ሐጂ። "ዛሬ ማንም አላስነሳውም፣ ወላሂ።"

አባቴ ሁለት እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

"እሱ ይንካ።"

ነካሁት። ሐጂም፣ መካኒኩም፣ ጋሪ ነጂውም አፌን ያያሉ።

"ቀዝቃዛ ነው" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

ተነሳ። መጀመሪያ ጥቂት አጨሰ፣ ከዚያ ጠራ። አባቴ ጭሱን እንጂ ማናችንንም አላየም። "ጫኑት" ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

ሻንሲዋ ተቆረጠ፣ ተበየደ። ስንጨርስ ነሐሴ ገብቷል፤ ከደንበኞቻችን ግማሹ ትራክተሩን ለምዶ ቀረ። ያን ዓመት እንዴት እንደወጣነው እናቴ ታውቃለች። ሞተሩ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ጠዋት እንኳ አስቸግሮን አያውቅም።

እኔም በገበያ ቀን አብሬው እሄዳለሁ። አባቴ ይሳፈራል፣ በሩን ይዘጋል፣ ቁልፉን ይከታል። ከዚያ ሳያዞረው ይቆያል። በሕይወቱ ማንንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው ወደ እኔ ዞሮ፣

"ላስነሳው?" ይለኛል።

"አስነሳው አባዬ" እላለሁ። አንድ ቀን እንኳ "ምን አገባህ!" ብሎ ቢቆጣኝ ብዬ እመኛለሁ። እሱ ግን መልሴን ጠብቆ ነው የሚያዞረው።