ከላስቲኩ ሥር ያለው ቄጠማ

ጣሊያን መንገድ ሲያሠራ አላምረው ድንጋይ እየፈለጠ ማኪና በዓይኑ ይመኝ ነበር። ከነጻነት በኋላ መሪ ጨበጠ፤ ይኸው በትንሿ አውቶቡስ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ሲመላለስ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንኳን ሰው ዶሮ አልገጨም። ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ጉራ አይጠላም።

የዘንድሮው ክረምት ግን ጉራውን አስዋጠው። ጉም ከማይለየው ኮሶዬ ገና ሳይደርስ የፊት መስተዋቱ ጭጋግ ለብሶ ይደፈናል። በእጅጌው ይወለውላል፤ ወዲያው ተመልሶ ይደፈናል። በሐምሌ ገብርኤል ማግስት፣ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ፣ የፊት ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ረገጠ። ድንጋይ ወደ ገደሉ ሲንከባለል ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። አላምረው ማኪናዋን አቁሞ ወረደና ጎማው የረገጠውን ጠርዝ አየ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዶሮዋ አላወራም።

ወሬው የማኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋአየሁ ዘንድ ደረሰ።

“አያ አላምረው፣ ዓይንህ ደክሞ እንደሆን ንገረኝ” አሉት። “ቅዳሜ አብሬህ እሄዳለሁ። ካልሆነ ቁልፉን ታስረክበኛለህ።”

“የኮሶዬ ጉም ነው እንጂ ዓይኔስ ደህና ነው” አለ። ግን ሌሎቹ ሹፌሮች በዚያው ጉም ያልፋሉ፤ እሱም ይህን ያውቃል። ፈራ።

በማግስቱ ማኪናዋን ይዞ መካኒኩ ኸሊል ዘንድ ሄደ። ኸሊል ሞተሩን አልነካም። ጣቱን በመስተዋቱ ላይ ከውጭ አሳለፈ፤ ደረቅ ነው። ገብቶ ከውስጥ አሳለፈ፤ ጣቱ ራሰ።

“ጉሙን ከኮሶዬ ታመጣዋለህ ወይስ ወደ ኮሶዬ ትወስደዋለህ?” አለው።

ጎንበስ ብሎ አሸተተና የወለሉን ላስቲክ ገለጠ። ከሥሩ ቄጠማ ነው፤ የላዩ ለምለም፣ የታችኛው ጠቁሮ የበሰበሰ።

አላምረው አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ለተ ማርያም፣ ሊማሊሞን መጀመሪያ ከወረደበት ቀን ጀምሮ፣ በደህና እንዲመለስላት ለማርያም ተስላ በየጉዞው በማኪናዋ ወለል ቄጠማ ትጎዘጉዝና ጠበል ትረጭበታለች። በበጋ ይደርቃል፣ ይጠረጋል። ዘንድሮ ግን የተሳፋሪ ጭቃ ስለቷን እንዳያረክሰው ብሎ ላስቲክ ያነጠፈበት ራሱ ነው። እሷም ላስቲኩን እየገለጠች አዲሱን በአሮጌው ላይ ትደርበው ነበር።

“በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል” አለ ኸሊል እየሳቀ። “አንተ ደግሞ ገደሉን እያየህ ሳሩን አላየኸውም! በዚህ ላይ የተሳፋሪው እርጥብ ጋቢም ትንፋሹም አለ። ብርድ ፈርታችሁ መስኮት ትዘጋላችሁ፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ይለጠፋል።”

ቄጠማውን ጠርገው አወጡ፤ ወለሉን አጥበው በሮቹን ከፍተው ሁለት ቀን ፀሐይ አስመቱት። ኸሊል የተቆላ ጨው በጨርቅ ቋጥሮ ከመስተዋቱ ሥር አኖረ፤ እርጥበት ይጠጣል። “መስኮቱንም ጣት ታህል ክፈት” ብሎ አዘዘው።

የቀረው ለተ ማርያም ናት። ቅዳሜ ማለዳ እርጥብ ቄጠማ ታቅፋ ደጅ ጠበቀችው። “ስለትሽ ገደል ሊከተኝ ነበር” ብሎ እንዴት ይንገራት?

“እሱን እዚሁ አቆዪው፤ ስመለስ ቤት ትጎዘጉዢዋለሽ” አላት።

“ምነው አንቱ? ስለቴሳ?”

“ስለትሽ እንድመለስ አይደል? ስመለስ ይግባ።”

ትክ ብላ አየችው፤ ዓይኗ ከመስተዋቱ ሥር ባለው የጨው ቋጠሮ ላይ አረፈ፤ ቄጠማዋን እንደታቀፈች ወደ ቤት ተመለሰች።

ኮሶዬ ላይ ጉሙ ተኝቷል። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ከጎኑ ተቀምጠው መስተዋቱን አፍጥጠው ያያሉ፤ አልተደፈነም፤ በጉሙም ውስጥ መንገዱ እስከ መታጠፊያው ይታያል። ሊማሊሞ ሲደርሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስለ ቁልፉም ዳግመኛ አላነሡም።

በማግስቱ ሲመለስ ቄጠማው ከደጁ እስከ መደቡ ተጎዝጉዟል። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ረገጠው። ለተ ማርያም ጎንበስ ብላ የተበተነውን ትሰበስባለች።

“መስተዋቱስ?” አለችው ቀና ሳትል።

አላምረው ደነገጠ። “ማን ነገረሽ?” ግን አላላትም።

“ጠርቷል” አላት። “ደጄን ከሩቅ ነው ያየሁት።”