ለአዴ ሀዋ የመረጥኩላት ማጫወቻ

ይህን የሰው ጆሮ ሰምቶት አያውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብ እንኳ ሌላውን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ዛሬ ግን ልናገረው ነው። እስከ መጨረሻው ስሙኝና እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

በወጣትነቴ ድሬ ዳዋ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ወላጆቼ ሞተዋል፤ እህት ወንድም የለኝም። ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ፊት ለፊቴ አዴ ሀዋ ትኖር ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ መንገድ ዳር ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት። በዕድሜ እናቴ ብትሆንም፣ እንደ ሰፈሩ ሰው በአክብሮት "አዴ" ብላትም፣ "አንቺ" ነበር የምላት፤ ድሬ ላይ አንቱታ እንደ መራቅ ይቆጠራል። በረመዳን ማፍጠሪያ ሲደርስ በሯ ላይ ቆማ "ግርማ! ና አቦ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ!" ብላ ትጣራለች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ረመዳንን አልጾምም። ግን ያን ጥሪ እንደ ጾመኛ እጠብቀው ነበር።

ዘሀራ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻት። ጅቡቲ ነው ያገባችው። አዴ ሀዋ ያን ሰሞን ታማ ስለተኛች የልጇን ሠርግ አላየችም። ዓመት ሳይሞላ ዘሀራ በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ከወራት በኋላ አንድ መንገደኛ የሠርጉን ዲቪዲ አምጥቶ ሰጣት። ማጫወቻ ግን አልነበራትም።

ሱቅ ድረስ መጣች። "እኔ የዚህን ነገር ምኑንም አላውቅ" አለችኝ። "ረከስ ያለ፣ ግን ልጄን በደንብ የሚያሳየኝ ምረጥልኝ።"

መደርደሪያው ላይ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው ለእሷ ይወደድባታል። ሁለተኛው ቀላል፣ ጠንካራ፣ ለአቅሟ የሚሆን ነው። ሦስተኛውም ዋጋው ከሁለተኛው ጋር እኩል ነበር። ግን ሦስተኛውን አውቀዋለሁ። ከሳምንት በፊት ባለሱቁ በሌለበት ከእጄ ወድቋል። ክዳኑን ፈትቼ የተጣመመውን እንደምንም አቃንቼ ወደ ካርቶኑ መልሼዋለሁ። ይሠራል፤ ዲስኩ ሲሽከረከር ግን ከውስጥ ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ይሰማል። ባለሱቁ ቁጡ ሰው ነው፤ ካወቀ ያባርረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ሦስተኛውን መረጥኩላት። አዎ፣ እኔ መረጥኩላት። ለምን ለእሷ? ሌላ ደንበኛ አገላብጦ ያየዋል፤ ድምፁን ይሰማል፤ በማግስቱ ተሸክሞት ይመለሳል። አዴ ሀዋ ግን ታምነኛለች። ከሰው ሁሉ እሷን የመረጥኩት ስለምታምነኝ ነው። ዲስኩን ቢያንስ አስገልብጬ ቅጂ ላስቀርላት እችል ነበር፤ ጎናችን ያለው ሱቅ ይህንኑ ነበር የሚሠራው። "ለምን አስፈለገ?" ብትለኝስ ብዬ ተውኩት።

ከቴሌቪዥኗ ጋር አገናኘሁላት። ጎረቤት ተሰበሰበ። ዘሀራ ሂና የተቀባ እጇን እያሳየች ስትስቅ ታየች። አዴ ሀዋ አላለቀሰችም፤ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ "ግርማ፣ ከስታለች እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ያን የመፋቅ ድምፅ እያዳመጥኩ ነበር።

በአራተኛው ቀን በሬን አንኳኳች።

"ልጄ ቆመች" አለችኝ። "አትንቀሳቀስም።"

ዲስኩን ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ጥልቅ ጭረት ክብ ሠርቶ ዞሮታል። ምን እንዳደረገው አውቃለሁ፤ ማን እንዳደረገውም አውቃለሁ። አፌ ግን ምን አለ?

"በምን ጠረግሽው?"

"በሻሼ ጫፍ። አቧራ ቢይዘው ቀስ ብዬ..."

"አይ አዴ! በጨርቅ ይጠረጋል እንዴ? እሱ ነው ያበላሸው።"

እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። "በገዛ እጄ" አለች።

በማግስቱ ማጫወቻውን ወስጄ ለባለሱቁ እውነቱን ነገርኩት። ሰደበኝ፤ አላባረረኝም። "በደህናው ቀይርላት" ብቻ አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን እውነት ለእሷ ነፈግኋት። ደህናውን ሳመጣላት "አላህ ያክብርህ" ብላ መረቀችኝ። የምታጫውትበት ዲስክ ግን አልነበራትም። ወደ ጅቡቲ ሰው ላከች፤ አማቿ ሌላ አግብቶ ከአገር ወጥቷል፣ ቅጂ የተገኘበት ቤት የለም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ስትጠራኝ "በልቻለሁ" እላለሁ። ውሎ አድሮ ቤት ቀየርኩ። በሄድኩበት ግቢ ና የሚለኝ አልነበረም። ብቻዬን እበላለሁ፤ ብቻዬን እተኛለሁ። ብቸኝነቴን በራሴ ላይ ያመጣሁት ራሴ ነኝና በማን ላማርር?

ከብዙ ዓመት በኋላ መልካ ጀብዱ፣ ወንድሟ ቤት እንደምትኖር ሰማሁ። ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። አርጅታለች። በድምፄ ለየችኝ። የወንድሟ ልጅ ሻይ አቀረበችልንና የልጆቿን ፎቶ ልታሳየን አወጣች። አዴ ሀዋ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

"አንቺው ያዥልኝ" አለቻት። ወደ እኔ ዞራም "እኔ ሥዕል አልነካም፣ ግርማ። እጄ ያጠፋል። አንተ ታውቃለህ" አለችኝ።

አውቃለሁ! ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። "ያጋጥማል፣ አዴ" አልኳትና ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

በዚያው ዓመት ሞተች። ለቅሶ ስደርስ የወንድሟ ልጅ ወጥታ ተቀበለችኝ። "ስምህን ሳታነሳ አትውልም ነበር" አለችኝ። "'ያን ዲስክ ሳበላሸው እንኳ ግርማ አልተቆጣኝም' ትል ነበር።" ከዚያ ለተቀመጡት "እንደ ልጇ ነው" ብላ ነገረቻቸው። ቤተሰቡ መሐል ቦታ ለቀቁልኝ። ቆሜ መናገር ነበረብኝ። ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር ብዬ አላመካኝም። መልካ ጀብዱ ስሄድ ወጣት አልነበርኩም። ለቅሶው ቤት ውስጥም የሚያስፈራኝ ሰው አልነበረም።