ለመርማሪው የሣልኩት ፊት

የያዙኝ ሰው እየሣልኩ ሳለ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ፊት ለፊት፣ ዛፉ ሥር ባለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ባጃጁ ውስጥ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ የተኛ ሾፌር እየነደፍኩ ነበር። ከምሳ በኋላ ነው፤ ከተማው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ የሚቀመጥበት፣ መንገዱ ጭር የሚልበት ሰዓት። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው ከግራና ከቀኜ ቆሙ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ አሁኑኑ ትመለሳለህ» አለኝ አንደኛው በትሕትና። ያስፈራኝ ትሕትናው ነው። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችንና መልሳ አጎነበሰች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

የገባሁበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ እንድናገር አይጠብቅም። ግድግዳው ሲነኩት ያቃጥላል፣ ጥግ ላይ ለሽንት የተቀመጠ ጀሪካን አለ፣ ብርሃን የሚገባው ከበሩ በላይ ባለች ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። ሽርጥ ያገለደሙ አንድ ሽማግሌ ከወለሉ ላይ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። ከቢዮ አዋሌ ፍየል እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። መካ ደርሰው ባይመለሱም ጠባቂዎቹ ሁሉ «ሐጂ» ስለሚሏቸው እኔም ሐጂ አልኳቸው።

«በምን ያዙህ?» አሉኝ።

«ሰው ስሥል።»

«የሰው መልክ? አቦ፣ እሱማ ሐራም ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔን ለማሰር በቂ ምክንያት ያገኙ መሰለኝ።

ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ስልኬ ላይ አንድ አስተማሪ «ቢያምርም ባያምርም በየቀኑ አንድ ፊትና አንድ ሙሉ ሰው ሣሉ» ሲል ሰማሁና ምክሩን ያዝኩት፣ በቃ። የምሥለው በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ ነው። መጀመሪያ የሣልኳቸው ሰዎች ሁሉ ድንች ይመስሉ ነበር። ዓይናቸውን ግንባራቸው ላይ እሰቅለዋለሁ። ዓይን የሚውለው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መሐል ላይ መሆኑን ለማመን እንኳ ወራት ፈጅቶብኛል። ቀስ በቀስ ግን እጄ ገባው። የቆመ ሰው ክብደቱን የትኛው እግሩ ላይ እንደጣለ፣ ጫት ይዞ ጋደም ያለ ሰው ትከሻው ወደ ክርኑ እንዴት እንደሚወርድ ሳላስብ ማየት ጀመርኩ። ሳልሥል የዋልኩ ቀን እጄን ይበላኛል።

ከሁሉም አብልጬ የሣልኩት አንድ ጓደኛዬን ነው። ከሰዓት በኋላ እየመጣ ሻይ እንጠጣለን፣ እሱ ስለ አገሩ ነገር ያወራል፣ እኔ ፊቱን እሠራለሁ። ፎቶ መነሣት አይወድም። ምክንያቱን ነግሮኛል፤ በሌላ ስም ፌስቡክ ላይ የሚጽፋቸው ነገሮች ነበሩ፣ የመንግሥት ሰዎችም አልወደዱለትም። ለመሣል ግን ፈቃደኛ ነው። ስጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ቅጽል ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ዋና ስሙን ከነአባቱ ደግሞ ያኔ በእውነት አላውቀውም ነበር።

ጓደኛዬን የሚፈልገው መርማሪ ይህንን ሊያምን አልቻለም። በቅርብ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ፣ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው።

«በየቀኑ አብሮህ ሻይ እየጠጣ ስሙን አታውቅም?»

«ድሬ ነው ጌታዬ» አልኩት። «እዚህ ሰው በቅጽል ስሙ ኖሮ በቅጽል ስሙ ይቀበራል።»

ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ፤ የከተማው ልጅ ነበርና ገባው። መርማሪው አልሳቀም። ስልኬን አገላብጠዋል፣ አንድም ፎቶ አላገኙም። ጠቋሚያቸው ጓደኛዬን ያየው ከጀርባው ነው። ከዚያ መርማሪው ሲይዙኝ የወሰዷቸውን ሥዕሎቼን አየት አየት አደረገና ወረቀትና እርሳስ ገፋልኝ።

«እስቲ እሱን ሣለው» አለኝ፣ ጠባቂውን እያሳየኝ።

እዚህ ላይ ማበላሸት ነበረብኝ። ድንች አድርጌ ብሥለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን በየቀኑ የሠራ እጅ ማበላሸት አያውቅም። ፈርቼም እንኳ ጠባቂው በግራ እግሩ ላይ ማረፉን፣ ክላሹ ትከሻውን ዝቅ ማድረጉን አየሁ፤ ካየሁ በኋላ አለማስገባት አልቻልኩም። ጠባቂው መጥቶ አየና «ወላሂ እኔ ነኝ!» ብሎ እንደ ሕፃን ተደሰተ። ለእናቱ እንዲወስደው ለመነ።

መርማሪው ሥዕሉን ሰጠው። ወደ እኔ ዞሮም «ትችላለህ ማለት ነው» አለ። «ነገ ከምሳ በኋላ የጓደኛህን መልክ ትሠራልኛለህ። ፎቶ ስለሌለን ያንን አባዝተን እንበትነዋለን። አሳስተህ ብትሠራ አውቃለሁ፤ እጅህን አይቼዋለሁ።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ፈሪ ነኝ፤ ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፣ እኔም ለእናቴ ከተረፉት ወገን ነኝ። የጓደኛዬን ፊት ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ዱላ ቢጀመር አልሠራም እንደማልል አውቅ ነበር። ስለዚህ ዱላው ከመምጣቱ በፊት ሌላ መላ ማግኘት ነበረብኝ። የሌለ ሰው ልፍጠር አልኩ።

በሃይላንድ ክዳን ትንሽ ውኃ ቀዳሁና ጣቴን እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ መሞከር ጀመርኩ። ወለሉ ስለሚግል መስመሩ ወዲያው ይደርቃል፤ ግንባሩ ሳይጠፋ አገጩ ላይ መድረስ አለብኝ። አፍንጫ ከአንዱ፣ ጉንጭ ከሌላው እያልኩ ሰፋ ያለ ፊት ሠራሁ። ያማረ ሰው ወጣ። ሐጂ ሳያስቡት ዘወር ብለው አዩት።

«ይሄ ምን አደረገ?» አሉ።

«ማን?»

«ይሄ ሰውዬ ነዋ። ከብት ተራ ገመድ ይሸጣል። ልጆቹ ገና ትንንሽ ናቸው፣ ደግ ሰው ነው።»

ደነገጥኩ። አይቼው አላውቅም፣ ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት። ደርቆ ሲጠፋ ሌላ ሠራሁ፤ ቀጭን፣ ፂማም፣ ዓይኑ ጎድጎድ ያለ። ሐጂ ረጅም ጊዜ አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእህቴ ባል» አሉ። ነገሬን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መርማሪው ያለውን፣ ልሠራ ያሰብኩትን። አልተቆጡኝም።

«ልጄ፣ አላህ ያልፈጠረው ፊት እኮ የለም። ዛሬ ከጣትህ የወጣውን ነገ ገበያ ላይ ታገኘዋለህ። ያንን ሰውዬ ገመዱን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ይይዙታል። ምን ብሎ ነው እኔ አይደለሁም የሚለው?»

ጓደኛዬን አሳልፌ ላለመስጠት ስል የማላውቀውን የሰው አባት ልሰጥ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ፍርሃት በደንብ የያዘኝ። ክዳኑን እንደገና ውኃ ስሞላ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፤ ቢያባዙትም ቢበትኑትም ማንንም የማያሳስር አንድ ፊት ብቻ አለ፣ እሱም ቀድሞ የታሰረው ነው።

ችግሩ ራሴን ሥዬ አላውቅም። ከተማውን ሁሉ ስሥል መስታወት ፊት ተቀምጬ አላውቅም፤ እዚያ ደግሞ መስታወት የለም። መልኬን እንዲነግሩኝ ሐጂን ለመንኳቸው። ሽርጣቸውን አጠበቁ፣ ተጠግተውኝ ቁጭ አሉ።

«ሐራምነቱን እኔ እጠየቅበታለሁ» አሉ። «በል ሣል። ግንባርህ ሰፊ ነው። ሰፊ ስልህ እንዲህ አይደለም፤ አበዛኸው። የግራ ቅንድብህ ከቀኙ ከፍ ይላል። ጉንጭህ የለም፣ ገብቷል።»

በአንድ እጄ ፊቴን እየዳሰስኩ በሌላው እሠራለሁ። የመንጋጋዬን አጥንት፣ የአፍንጫዬን ጉብታ በጣቴ ለካሁ። ይደርቃል፣ እንደገና እጀምራለሁ። በመጨረሻ ሐጂ አፌን አዩና «እሱ አይደለም» አሉ። «ከፈራህ የታች ከንፈርህ ወደ ውስጥ ይገባል። ከመጣህ ጀምሮ እንደገባ ነው።» እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር። ክዳኑ ውስጥ የቀረው ውኃ እስኪያልቅ ያንን ከንፈር ሠራሁ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ወሰዱኝ። ጠረጴዛው፣ ወረቀቱ፣ እርሳሱ፣ ሁሉም ነበረ። የመጀመሪያው መስመር ተንሻፈፈ። ሞላላውን ሠራሁ፣ መሐሉን ከፈልኩ፣ ዓይን አስቀመጥኩ። መስመር ሲያያዝ እጄ ተቃና። መርማሪው ሻዩን እያማሰለ ከኋላዬ ቆሟል፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። «ጎበዝ» አለኝ አንድ ጊዜ። ግንባሩን፣ የተነሣውን ቅንድብ፣ የገባውን ጉንጭ ጨረስኩ። ከንፈሩን ሠራሁ።

ቀድሞ ያወቀው ጠባቂው ነው። «እንዴ አቦ! ራሱን እኮ ነው የሣለው!»

ማንኪያው መዞሩን አቆመ። መርማሪው ወደ ፊቴ መጣ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ሌላ ሰው መሣል አልችልም» አልኩ።

ሊነጥቀኝ ወረቀቱን ያዘ። እኔም ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። ብቻ ከአፌ የወጣው «አልጨረስኩም፤ ጆሮው ይቀራል» የሚል ነው። ለቀቀው፤ ገርሞት ይመስለኛል። ጠባቂው ወለሉን እያየ ቆመ። ጆሮውን ሠራሁ፣ ከአንገቱ ጋር አገናኘሁት፣ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አጋድሜ አስቀመጥኩ። ከዚያ ያለፈውን አልተርክም። ወደ ሐጂ ክፍልም አልመለሱኝም።

ጊዜ አለፈና እንዳመጡኝ ሁሉ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ከከተማው ሸሽቶ የነበረው ጓደኛዬም ነገሩ ሲበርድ ተመለሰ። አንድ ከሰዓት መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ከስቷል፣ ፀጉሩ ሸሽቷል። «ምነው፣ እርሳሱ የለም እንዴ? ሣለኝ እንጂ» አለኝ እየሳቀ። ብርሃኑ ጥሩ አይደለም አልኩት። ያንን የድሬ ፀሐይ ቀና ብሎ አይቶ «ቀልደኛ ሆነሃል» አለኝ። ምን እንደተጠየቅኩ አልነገርኩትም።

አሁንም በየቀኑ እሥላለሁ። አስፈቅጄ ነው የምሥለው፣ ክላሽ ይዞ በር ላይ ከቆመ ሰው ደግሞ እርቃለሁ። የእሱን ፊት ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሣልኩም። አንድ ቀን ተመልሰው ቢመጡና ያንኑ ወረቀት ቢገፉልኝ፣ በእውነት አላስታውሰውም ማለት እንድችል ነው። በየቀኑ ያለማመድኩትን እጅ በየቀኑ ላስረሳው እየሞከርኩ ነው። ሻይ ይዘን ሲያወራኝ አንገቴን ደፍቼ ባዶ ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ሲሄድ አገኘዋለሁ፤ የእሱን ግንባር ጨርሶ ዓይኑ ላይ ደርሷል።