ዘፋኞችን በማጅራት የሚያውቁት ሰው

ጋሽ ገመድ የማያውቁት ዘፋኝ የለም፤ ፊቱን ያዩት ዘፋኝ ግን ለመድኃኒት አይገኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማውን አዳራሽ መጋረጃ ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩት ከመድረኩ በስተኋላ፣ ከከበሮው ጀርባ ባለች አንዲት ጥግ ቆመው ነው። አዳራሹን የነደፈው መሐንዲስ ገመዱን ለምን እዚያ እንደወሸቀው የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። የዘፋኝ ፎቶ አሳይቶ «ይህን ሰው ያውቁታል?» ለሚላቸው ጋሽ ገመድ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እስቲ አዙረው።»

እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ገመዱ በላው።

መጋረጃው ቀይ ከፈይ ነው። ክብደቱ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ የአንድ በሬ ያህላል፤ ዝናብ ሲበረታ እርጥበት ይጠጣና በሬው ያረግዛል። መሀሉ ላይ፣ በዓይን ትክክል፣ ብል የበላት የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። የጋሽ ገመድ መስኮት እሷ ናት። ከመክፈታቸው በፊት ቀረብ ብለው ያያሉ፤ ሰዉ ጥርሱን ሊነቀል ወረፋ የያዘ ይመስላል። ከዘጉ በኋላ ደግሞ ያያሉ፤ ያው ሰው ነው፣ ፊቱ ግን ሌላ። የማይተዋወቁት ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይስቃሉ። በአጥር ተካሰው ፍርድ ቤት ያሰለቹ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ቀን እዚያው ተቃቅፈው ታይተዋል። አንዱማ በምርኩዝ ገብቶ ያለ ምርኩዝ ሲጨፍር ወጣ፤ ሰኞ ምርኩዙን ሊወስድ ሲመጣ ግን በሁለቱም እግሩ ነበር የሚያነክሰው።

ኮንሰርት ያለ ቀን ቤታቸው ሲገቡ ድካም የለም። ጭልፋውን እንደ ማይክራፎን ይዘው ለባለቤታቸው ኮንሰርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደግሙላቸዋል፤ ሳክስፎኑን በአፍንጫቸው፣ ከበሮውን በድስቱ ክዳን። አንዴ መብራት ጠፍቶ ሳክስፎን ነፊው ጨለማ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ የተጫወተውን ሲደግሙ የራሳቸውን ቤት መብራት አጥፍተው ነበር። ባለቤታቸው አዳራሹን ረግጠውት አያውቁም። «ምን ላድርግ ብዬ እሄዳለሁ?» ይላሉ። «እራሱ አዳራሹ ቤቴ ይመጣል፤ ያውም ተበላሽቶ።»

የድምፅ ማጉያዎቹ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብለው አልተቀመጡም። መጀመሪያ ቀኝ ጆሮ ሄደ። ግራው ብቻውን ጥቂት ታገለና ከሁለት ዓመት በፊት እሱም ወንድሙን ተከተለ። ጋሽ ገመድ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ፊት ለፊት የሚያናግራቸውን ሰው ከንፈር እያዩ ይረዳሉ፤ ያልተረዱትን «ልክ ነው» ብለው ያሳልፋሉ። «ልክ ነው» የሚል ሰው የሚጠላ አለቃ ደግሞ የለም።

መጋረጃውንስ? እጃቸው ይሰማል። ገመዱ በወለሉ ጣውላ ላይ ካለ ብረት ጋር የታሰረ ነውና አዳራሹ ውስጥ የሆነው ሁሉ በገመዱ ይመጣል። ከበሮ ሲመታ ገመዱ እንደ ልብ ይመታል። ጭብጨባ ሲመጣ እንደ ዝናብ ይንዘፈዘፋል። አጭር ከሆነ ዘፈኑ ነው ያለቀው፤ ረዥም ከሆነ ኮንሰርቱ። ዓይናቸው አሻግሮ የከበሮ መቺውን ክንድ ያያል፤ ክንዱ ከቆመ ይዘጋሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልሳቱም። ነገር ግን ክንድና ገመድ ሲጠብቁ መዋል ከበሬው በላይ ይከብዳል። ወደ ቤት ሲሄዱ በየመብራት እንጨቱ ሥር ቆመው ያርፉ ጀመር። ጭልፋውም ወደ ድስቱ ተመለሰ።

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ ሞተር አስመጣ። ቁልፍ ሲጫኑት መጋረጃውን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ነው። የመጣበትን ሣጥን ያየ ግን ሞተሩ መጋረጃውን ብቻ ሳይሆን አዳራሹንም የሚያነሳ ይመስለዋል።

«ጋሼ፣ ቅሬታ እየመጣ ነው» አላቸው ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ቆሞ። «ሰው ይጠራዎታል፣ አይሰሙም ይሉኛል። የቅዳሜው ኮንሰርት ትልቅ ነው። አንዲት ስህተት ካየሁ ሞተሩን አስገጥማለሁ። እርስዎም መጋዘን ይገባሉ።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ገመድ፤ በዚህኛው ግን እያንዳንዷ ቃል ገብታቸዋለች። መጋዘን ውስጥ ገመድ የለም፣ ቀዳዳም የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምትዘፍነው ሃያ ዓመት ከመድረክ ጠፍታ የቆየች ዘፋኝ ናት። ጋሽ ገመድ የማጅራቷን ጠቃጠቆ ሳይቀር ያስታውሳሉ። ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ካንተ ጋር።»

«ዛሬ ምን ተገኘ?»

«አዳራሹ ቤቴ መምጣት ካቆመ ሁለት ዓመቱ። እስቲ እኔ ልሂድለት።»

ከመክፈታቸው በፊት በቀዳዳዋ አዩ። ባለቤታቸው አራተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ስማቸው እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ታማሚ ተቀምጠዋል። ጋሽ ገመድ ወደ ጥጋቸው ሲመለሱ የሞተሩ ሣጥን በእሳቸውና በከበሮ መቺው መካከል እንደ ግንብ ተገትሯል። ገፉት። አልነቃነቅ አለ። ክንዱን ማየት ቀረ፤ ገመዱ ብቻ ቀረላቸው።

ከፈቱ። አንድ ዘፈን አለፈ፣ ሁለት፣ ስድስት። ገመዱ ሲመታና ሲንዘፈዘፍ ጋሽ ገመድም በልባቸው ሲቆጥሩ ትከሻቸው ዛለ። ከዚያ ገመዱ እንደዚያ ሆኖ የማያውቀውን ሆነ። ዝናብ አይባል፣ ጎርፍ ነው። አለ፣ አለ፣ አላቆም አለ። «ተመስገን፣ አለቀ» አሉና በቀራቸው ጉልበት ሁሉ መጋረጃውን ለቀቁት።

አላለቀም። ሕዝቡ የሚወደው ዘፈን ተጀምሮ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ በእግሩም በእጁም ምቱን ይመታ ነበር። ዘፋኟ ወደ መድረኩ ጠርዝ ወጥታ ስትዘፍን መጋረጃው ከኋላዋ ወረደ፤ እሷ ከሕዝቡ ጋር ውጪ ቀረች፣ ባንዱ ከመጋረጃው ኋላ። ሙዚቀኞቹ ደንግጠው አቆሙ። የድምፅ ባለሙያውም መጋረጃ ሲወርድ ማጥፋት የለመደበት ነውና ማይክራፎኑን አጠፋው።

ጋሽ ገመድ ላባቸውን ጠርገው ከሣጥኑ ጀርባ ሲወጡ ከበሮ መቺው ዱላውን አየር ላይ አንጠልጥሎ አፉን ከፍቷል። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጥቶ ጆሯቸው ሥር ጮኸ።

«ምን አደረጉ!»

«አመሰግናለሁ» አሉት፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው።

ወደ ቀዳዳዋ ሄዱ። ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ አፉ ሁሉ ተከፍቷል። ዘፋኟ ማይክራፎኑን ጥላ እጆቿን ዘርግታለች፤ ሕዝቡ ይዘፍንላታል። አራተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳው መሬት ወድቋል፤ ባለቤታቸው ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ፊታቸው ደግሞ የዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ፊት ነው። ጋሽ ገመድ ያደረጉት ያን ጊዜ ገባቸው።

ተመልሰው ገመዱን ያዙ። መክፈት አለባቸው፤ ግን መቼ? ደረታቸውን ገመዱ ላይ ለጠፉ፣ ጉንጫቸውንም። የአንድ ሺህ ሰው እግር መጣላቸው። ዘፈኑን ያውቁታል፤ ከሃያ ዓመት በፊት በድስት ክዳን ተጫውተውታል። ከምቱ ጋር አብረው ሄዱ፣ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ለከበሮ መቺው በአገጫቸው ምልክት ሰጡና በሬውን በአንድ ትንፋሽ አነሱት። ባንዱ ገባ። አዳራሹ ጣሪያው እስኪነሳ ጮኸ ይባላል፤ ጎረቤት ያለው ጣሪያም በትብብር ተነስቷል የሚሉ አሉ።

ሲያበቃ ሰዉ ሥራ አስኪያጁን ከበበው። «ያ የመጋረጃ ነገር ድንቅ ነው! የማን ሐሳብ ነው?»

«የእኔ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ከዚያ ጋሽ ገመድ ጋ መጣ። «ጋሼ፣ ሞተሩን እንመልሰዋለን! በየቅዳሜው እንደዚህ ነው የሚያደርጉልኝ።»

ባለቤታቸው አጠገባቸው ደርሰው ነበር። ጋሽ ገመድ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ በገመድ የተላጠ መዳፋቸውን አዩ። «ልክ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። አላሉም።

«ስህተት ነው የሠራሁት፣ አለቃ። ጆሮዬ አይሰማም። ሁለት ዓመቱ።»

ሁለት ጤነኛ ጆሮ ያለው ሥራ አስኪያጅ ግን አልሰማም። «ትሕትናቸው!» ብሎ ሳቀ። ሦስት ጊዜ ነገሩት። በሦስተኛው ሳቁ ቆመ።

ወደ ቤት ሲሄዱ በየመብራት እንጨቱ ሥር አረፉ። አንዱ ጋ ጋሽ ገመድ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«አልነገርኩሽም ነበር።»

ባለቤታቸው ከንፈራቸው እንዲታይ ፊት ለፊታቸው ቆሙ። «ጭልፋዬን የመለስክ ለት አልነገርከኝም እንዴ?»

ሞተሩ ተገጠመ። መጋዘኑንም ሥራ አስኪያጁ አላነሳውም፤ የተጨበጨበለት ሐሳብ የእሱ እንዳልሆነ የሚያውቁ ሰው ጡረታቸውን ቢጠይቁት በደስታ ፈረመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ገመድ አራተኛው ረድፍ ላይ ከባለቤታቸው ጎን ተቀመጡ። መጋረጃው ያለ አንዳች ላብ ተከፈተ። ዘፋኙን ትኩር ብለው አዩት።

«አፍንጫው እንዲህ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ሳይቆጥቡ። «በማጅራቱ ደህና ሰው ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ሁለቱንም መዳፋቸውን ከፊታቸው ባለው የእንጨት ወንበር መደገፊያ ላይ አሳረፉ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆመ ጉልበታቸው ቀስ እያለ ተፈታ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ተቆጥቶ ዞረ።

«ምንድን ነው የሚገፉኝ?»

«ይቅርታ ወንድሜ» አሉት ባለቤታቸው። «እየሰማ ነው።»